ድልድዩ ላይ የምትቆመው ሴትዮ

ዓለም ገና መብራት ሲጠፋ ጨለማው እንደ አዲስ አበባ ጨለማ አይደለም። አዲስ አበባ መብራት ቢጠፋ አንዱ ሆቴል ጄነሬተር ያስነሳል፣ የመኪና መብራት ግድግዳ ላይ ይሮጣል፣ ብቻ የሆነ ነገር ብልጭ ይላል። እኛ ሰፈር ግን፣ ከጅማው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ መብራት ጠፋ ማለት የወጨጫ ተራራ ተነስቶ ደጃችን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከነሰበታችን ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለናል፤ ፋብሪካው በግራም በቀኝም ተደርድሯል፤ የባቡር ሐዲዱም ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ ይደርሳል። መብራት በጠፋ ምሽት ግን ይህ ሁሉ የለም። ስሙስ ቢሆን «ዓለም ገና» አይደል የሚለው? ገና ናት!

እንዲህ ባለው ምሽት ሻማ ላይ አፍጥጦ ከመቀመጥ ብለን፣ እኛም ተከራዮቹም የጎረቤት ልጆችም፣ ዘበኛችን በር ላይ እንሰበሰባለን። ዘበኛችን ስድሳን ያለፉ፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያጣፈጡ የሚያወሩ ሰው ናቸው። ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ ወሬውም አብሮ ይጠበሳል። ባለፈው ሰሞን የጠበሱልን ወሬ ይኸውላችሁ።

ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እዚያች ድልድይ ላይ ነጭ ነጠላ የተከናነበች ሴትዮ ትቆማለች አሉ። ፊቷን ያየ የለም። «እንደምን አደርሽ?» ቢሏት አትመልስም። ባትሪ ሲያበሩባት ብርሃኑ ነጠላዋ ላይ አያርፍም፤ አልፏት ሄዶ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ያበራል። ጅብ ላይ ዘሎ የሚወጣው ውሻቸው እንኳ እዚያ ሲደርስ ጭራውን ቆልፎ አልንቀሳቀስ ይላል።

«ድምፅ አሰምታ አታውቅም?» አለ አንዱ ልጅ፣ ግማሽ በቆሎ አፉ ውስጥ እንዳለ።

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ምን አለች?»

«‹በር ክፈቱልኝ› ነው ያለችው» አሉ፤ ከሰሉንም በእንጨት ጫር ጫር አደረጉት።

ልጆቹ እናቶቻቸው ጉያ ገቡ። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም ጀርባዬን ቀዝቀዝ አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስንት የተማሪ ልቦለድ አርሜያለሁ፤ ለዚህኛው ግን ሳላቅማማ «ኤ» በሰጠሁ ነበር። እንዲያው ያ «ብርሃኑ ነጠላዋ ላይ አያርፍም» ያሉት ነገር ከየት መጣላቸው? እኔ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ብቀመጥ አይመጣልኝም።

ይኼኔ የግቢው በር ተንኳኳ። ሁላችንም ክው አልን። ከፍቶ የሚያስገባ እስኪገኝ ትንሽ ቆየ፤ ምክንያቱም ማንም መነሳት አልፈለገም። የገባችው ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ልጅ ናት። ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ ትሠራለች። የማታ ፈረቃ ሲደርሳት አራት ሰዓት ትወጣለች፤ ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ያወርዳታል፤ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ስለማይገኝ የቀረውን በእግሯ ትመጣለች።

«ሴትዮዋን አላገኘሻትም?» ብለው ልጆቹ ተረባረቡባት። ነገሩ ተተረከላት፤ ሳቀች። ዘበኛው የሰጧትን በቆሎ እየፈለፈለች፣

«አባባ፣ እኔ እሷን ባገኛት እንዴት ደስ ባለኝ» አለች።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ሴት አይደለች? ተደጋግፈን እንመጣ ነበራ። እኔ የምፈራው ድልድዩ ላይ መንፈስ ሲኖር አይደለም፤ ሰው ሲኖር ነው።»

ወሬው እዚያ ላይ ተቆረጠ። ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረችው ነገር እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተማሪ ሳከራክርበት የኖርኩት ጉዳይ ነው፤ ሰውን ይበልጥ የሚያስፈራው የትኛው ታሪክ ነው? ከተፈጥሮ በላይ የሆነው ወይስ በገሃዱ ዓለም ሊሆን የሚችለው?

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈሉ ነበር። የመንፈስ ወገኖች ድራኩላን ይዘው ይነሳሉ፤ የገሃዱ ዓለም ወገኖች «ሳይኮ» የተባለውን፣ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራውን ፊልም ይጠቅሳሉ። እዚያ ውስጥ ጭራቅ የለም፤ አልጋ የሚያከራይ ትሁት ወጣት፣ መታጠቢያ ቤትና ቢላ ብቻ። እኔ ደግሞ እንደ መምህር መሐል ገብቼ አስታርቃለሁ። «ድራኩላ እኮ ያስፈራው በመንፈሱ አይደለም» እላለሁ። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የቀን ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራምና የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ደም መጣጩ ከመምጣቱ በፊት ባቡሩ ከየትኛው ከተማ በስንት ሰዓት እንደተነሳ እንኳ ይመዘግብልናል። የባቡሩን ሰዓት ካመንክ ደም መጣጩንም ታምናለህ፤ ዘዴው ይኸው ነው። የዘበኛችን ባትሪና ውሻም ሥራቸው ያው ነው። ከዚያ ቶዶሮቭ የተባለውን ሊቅ እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ጉልበት አንባቢውን «እውን መንፈስ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?» እያሰኘ ማመንታቱ ላይ ነው ይላል። ተማሪው ማስታወሻ ይይዛል፤ ደወል ይደወላል፤ እኔም ትልቅ ነገር እንዳስተማርኩ ሆኜ ሻይ ልጠጣ እሄዳለሁ።

አንድ ተማሪ ግን ነበር።

ነገሩ በ1990ዎቹ ነው። አስፈሪ አጭር ልቦለድ ጽፋችሁ አምጡ ብዬ አዘዝኩ። ከገጠር የመጣ፣ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ዝምተኛ ልጅ ስለ ቡዳ ጽፎ አመጣ። በታሪኩ ውስጥ እናቱ ሸክላ ሠሪ የሆነች ትንሽ ልጅ አለ። የጎረቤት ሕፃን ታምሟል። ሰው ተሰብስቦ ሕፃኑን ጭስ እያሸተተው «ማነህ? ማነው የበላህ?» እያለ ይጠይቃል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ያንን ጥያቄ ይሰማል። ሕፃኑ የማንን ስም እንደሚጠራ ይጠብቃል። እናቱ ከጀርባው ሆና ጭቃዋን ትለውሳለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔ ምን ብዬ ብጽፍበት ጥሩ ነው? በቀይ እስክሪብቶ «ጅቧ የታለች? አንባቢ የሚጠብቀውን ነገር ሳታሳየው ታሪክህን ጨርሰሃል» አልኩና «ሲ» ሰጠሁት።

ልጁ ቢሮዬ መጣ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣

«መምህር፣ ጅብ የለም እኮ» አለኝ።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?»

«ሰዎቹ ናቸዋ!»

እኔም ስለ ታሪክ አወቃቀር፣ ስለ ጡዘት፣ ስለ አንባቢ ግምት ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። አመስግኖኝ ወጣ። እናቱ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ከጓደኛው የሰማሁት ከተመረቁ በኋላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ያ ልጅ የጻፈው እኔ ሳስተምር የኖርኩትን ነው፤ የቀረኝ ነገር ቢኖር እኔ ራሴ አለመማሬ ነበር። የቡዳ ታሪክ በእኛ አገር ልቦለድ ሆኖ አያውቅም፤ ምስክር ተቆጥሮበት፣ ቀን ተጠቅሶበት የሚወራ «እውነት» ነው። ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው ላይ፣ ቡዳ የሚባሉት ሰዎች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ቀለበት በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ ተገኘ የሚል ወሬ እናገኛለን። ያችን የጆሮ ቀለበት ልብ በሉልኝ። ከስቶከር የባቡር ሰዓት ጋር አንድ ናት፤ ትልቁን ውሸት የምታሳምነው ትንሿ ዕቃ። ልዩነቱ፣ ድራኩላን አንብቦ የጎረቤቱን ደጅ የከበበ የለም። በዚህችኛዋ ግን ስንቱ ቀጥቃጭ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ፣ ስንቱ ሸማኔና ቆዳ ፋቂ፣ ስንቱ ቤተ እስራኤላዊ ከሰው ማዕድ ተለይቶ፣ ከሰው ጋብቻ ተገልሎ ኖሯል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ የተረት ጉዳይ ብቻ ስላልነበረ ነው። የምናርስበትን ማረሻና የምንበላበትን ምጣድ ከእጃቸው ተቀብለን፣ ሌሊት ግን ጅብ አደረግናቸው።

ጅቡስ ቢሆን ምን አጠፋ? ሐረር ሂዱና ያንኑ አውሬ ጠይቁ። እዚያ ሰው በእጁ ሥጋ ያጎርሰዋል፤ ጅንን ከከተማው ያጸዳልናል የሚሉትም አሉ። አውሬው አንድ ነው፤ ታሪኩን የምንጨምርለት እኛ ነን። ስለዚህ አስፈሪ ታሪክ ስሰማ አሁን አሁን የምጠይቀው «መንፈሱ እውነት ነው ወይ?» ብዬ አይደለም። «ከመንፈሱ ጀርባ የተደበቀው ሰው ማነው?» ነው የምለው።

መደበቁ ሁልጊዜ ለክፋት ነው ማለቴ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። ማታ ማታ አያቴ አቅፋኝ የጅብ ተረት ትነግረኛለች። ታዲያ የተረቷ ድምፅ በየመሐሉ ያለምክንያት ከፍ ይል ነበር። ውጪ የሆነ ነገር ጧ! ጧ! ሲል «ጅቡ ነው፤ ጅቡ መጣልህ፤ አይንህን ጨፍን» ትለኛለች። እኔም ጨፍኜ እተኛለሁ። ጅብ እንደማይተኩስ የገባኝ አድጌ፣ ስለ ቀይ ሽብር ማንበብ ስጀምር ነው። ነፍሷን ይማረውና፣ የማልችለውን ፍርሃት በምችለው ፍርሃት ለውጣ አሳደገችኝ። በዚያ አመሰግናታለሁ። ነገር ግን «ጅቡ ነው» ማለትን ከዚያው ተምሬ ቀርቻለሁ፤ ይህንንም በኋላ እመጣበታለሁ።

ያን ሌሊት እየተገላበጥኩ ሳለ ሐምሌት ትዝ አለኝ፤ ብዙዎቻችን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ የምናውቀው ሐምሌት። በዚያ ተውኔት መንፈሱን መጀመሪያ የሚያዩት እነማን ናቸው? ልዑሉ አይደለም፣ ሊቃውንቱም አይደሉም፤ ዘበኞች ናቸው! በብርድ ሌሊት ተረኛ የሆኑ ዘበኞች። የተማረው ሆራሺዮ ተጠርቶ ይመጣል፤ እንደ እኔ ዓይነቱ መሆኑ ነው፣ መጀመሪያ አያምንም። በኋላ መንፈሱ ለልጁ ሲናገር ግን የተናገረው ስለ ወዲያኛው ዓለም ምሥጢር አይደለም፤ ወንድሙ ጆሮው ውስጥ መርዝ አፍስሶ እንደገደለው ነው። የሼክስፒር መንፈስ ምስክር ነው፤ የወንጀለኛውን ስም ይጠራል፣ ወንጀለኛውም ሰው ነው። እንግዲህ መንፈስ የሚያይ ዘበኛ የሆነ ነገር ያውቃል ማለት ነው አልኩና ጠዋት ተነስቼ ወደ ዘበኛችን ሄድኩ።

«ለመሆኑ ያቺ ሴትዮ መታየት የጀመረችው መቼ ነው?» አልኳቸው።

እሳቸው በሩ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ። ቶሎ አልመለሱልኝም።

«ካቻምና ክረምት» አሉ በመጨረሻ። «በፍልሰታ።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። በፍልሰታ ጾም አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ለሰዓታት ብላ ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ድልድዩ ላይ ወንዶች ጠበቋት። ያደረጉባትን እግዜር ያውቃል። እንደምንም አምልጣ ወደ እኛ ሰፈር ሮጠች፤ ከበር በር እየዞረች አንኳኳች። እሳቸው ነቅተው ነበር። ድምፅዋንም ሰምተዋል።

«ሌባ ሴት አስቀድሞ ይልካል፣ በር ሲከፈት ይገባል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ መምህር» አሉኝ። «ፈራሁ። ባትሪዬን እንኳ አላበራሁም።»

«ሞተች?»

«ኧረ አልሞተችም። ሰበታ እህቷ ዘንድ ሄደች አሉ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አይቻታለሁ። እሷ አላወቀችኝም። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።»

ያልሞተች ሴት መንፈስ ስትሆን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰበታ ገበያ ሽንኩርት የምትገዛ ሴት፣ ዓለም ገና ድልድይ ላይ በየሌሊቱ ትቆማለች። ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ሰው ሆና ከቀጠለች «ለምን አልከፈታችሁልኝም?» የሚል ጥያቄ አላት። መንፈስ ከሆነች ግን በር አለመክፈት ማስተዋል እንጂ ነውር አይሆንም። ለመንፈስ ማን በር ይከፍታል?

ዘበኛውን ልወቅስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ካቻምና ክረምት እኔም እዚሁ ነበርኩ። ሰው ሲያንኳኳ አልሰማሁም። ውሾቹ ሲንጫጩ ግን ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ነቅታ «ምንድነው?» ስትለኝ የመለስኩላትም ትዝ ይለኛል። «ጅብ ነው፤ ተኚ» ነበር ያልኳት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ያን ሌሊት ይሁን ሌላ ሌሊት፣ እንጃ፤ ውሻ እዚህ በየሌሊቱ ይጮኻል። ሆኖም ተነስቼ መስኮት ከፍቼ ያየሁበት አንድም ሌሊት የለም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁት። መጀመሪያ ሰው አልወደደልኝም። «የሞተ ነገር ለምን ይቆሰቆሳል?» ያሉ ነበሩ፤ አልሞተችም አልኳቸው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ድልድዩ ዳር አንድ ምሰሶ ቆሞ አምፖል ተንጠለጠለበት። የሰፈሩ ዘበኞችም ተራ ገብተው፣ ማታ አራት ሰዓት ከሰርቪስ የሚወርዱትን ልጆች ከአስፋልቱ ተቀብለው ያመጣሉ። መብራት ሲጠፋ አምፖሏም መጥፋቷ አይቀርም፤ ያኔ የዘበኛው ባትሪ አለ። ትልቅ ነገር ሠራን ለማለት አይደለም። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ የተደረገ ነው፤ ይቅርታ የጠየቃት ሰውም እስካሁን የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ባለፈው መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ተሰብስበው «ሴትዮዋን ይንገሩን» ብለው ዘበኛችንን አስጨነቋቸው። እሳቸው በቆሎውን አገላበጡ። «ሴትዮዋ ሰበታ ናት» አሉ፤ «ደህና ናት አሉ።» ልጆቹ ቅር አላቸው። እውነትም ታሪኩ ተበላሽቷል፤ እንደ ድሮው መምህርነቴ ባርመው «ጡዘት ይጎድለዋል» ባልኩ ነበር።

አንተ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበርከው ተማሪዬ፣ ምናልባት ይህን ገጽ ካነበብከው፣ ጅቧ የለችም ያልከኝ ልክ ነበርክ። «ሲ»ውን ወደ «ኤ» ልቀይርልህ ብል አሁን ሬጅስትራር አይሰማኝም። ታሪኩን ግን አስቀምጠኸው ከሆነ እባክህን አሳትመው። ጅብ እንዳትጨምርበት።